በገዛ ታሪካችን ጓዝ ስንሆን

እ.ኤ.አ. 2019 ለፊልም ወዳጅ የጥጋብ ዓመት ነበር። የዚያን ዓመት ፊልሞች የወደድኳቸውንና ቅር ያሰኙኝን ለይቼ ሳስቀምጥ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። የእኛን ታሪክ ይዘው የወጡት ሁለቱ ትልልቅ የውጭ ፊልሞች ቅር ካሰኙኝ ተርታ ናቸው። የሰፈሬን ኑሮ ገልጠው ያሳዩኝ ደግሞ የአገሬን ስም አንድ ጊዜ እንኳ ያላነሱ፣ የሴኡልን፣ የዳካርንና የማላዊን ገጠር ኑሮ የያዙ ሥራዎች ናቸው።

ከቅሬታዬ ልጀምር።

ኔትፍሊክስ ሐምሌ 24 ቀን 2011 ዓ.ም. ያቀረበው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» የተነሣበት ታሪክ ማንኛውም ፊልም ሠሪ የሚመኘው ዓይነት ነው። የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሱዳን ውስጥ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ አሩስ በሚባል ቦታ፣ ጣሊያኖች ሠርተው የተዉትን የመዝናኛ መንደር ተከራየ። ሰላዮቹ ቀን ቀን የአውሮፓ ጎብኚ ያስተናግዳሉ፣ ጠላቂ ዋናተኞችን ባሕር ያወጣሉ። ሌሊት ደግሞ በገዳሪፍ አካባቢ በስደተኛ መጠለያ የነበሩ ኢትዮጵያውያን አይሁዶችን፣ ቤተ እስራኤላውያንን፣ በጭነት መኪና እያመጡ ያሻግራሉ። ማን ያምናል ቢባል ማንም፤ ግን ተደርጓል።

የዚህ ታሪክ ጫፍ የሚጀምረው ከትግራይ ተነሥቶ ሱዳን ከገባው ከፈረደ አክሉም ነው። ፈረደ ካርቱም ሆኖ «ድረሱልን» የሚል ደብዳቤ ለተለያዩ ድርጅቶች ጻፈ፤ ከጻፋቸው አንዱ ሞሳድ እጅ ገባ። ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ወደ ሱዳን በእግራቸው የወጡት ሰዎች ልጅ አዝለው፣ አዛውንት ደግፈው፣ ሽፍታና ወታደር እየሸሹ ነው የተጓዙት። በመንገድና በመጠለያዎቹ ውስጥ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል፤ ኢየሩሳሌም ላይ ሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

የፊልሙ ዳይሬክተር ጊዲዮን ራፍ ካሜራውን ያዞረው ግን ወደ ክሪስ ኢቫንስ ነው። ፈረደን የሚያስታውስ ከበደ ቢምሮ የሚባል ገጸ ባሕርይ አለ፤ የሚጫወተውም ማይክል ኬ. ዊሊያምስን የሚያህል ብርቱ ተዋናይ ነው። ነገር ግን ከበደ ምን እንደሚፈራ፣ ማንን ጥሎ እንደመጣ፣ ሌሊት ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚያስብ ፊልሙ ተጨንቆ አይነግረንም። ሪዞርቱ ሥራ ሲጀምር፣ ፈረንጆቹ ቱሪስቶች በ1980ዎቹ ዘፈን ታጅበው ሲዝናኑ የሚታይበት ክፍል አለ። ደስ የሚል ክፍል ነው፤ አልዋሽም። እሱን እያየሁ ግን የጠየቅኩት ጥያቄ የእግር መንገዱ ይህን ያህል ፊልም ለምን ተነፈገው የሚል ነበር። ቤተ እስራኤላውያኑ ይጫናሉ፣ ይራገፋሉ፣ ይደበቃሉ፣ ይቆጠራሉ። ጓዝ ናቸው። ጓዝ ደግሞ አይናገርም፤ የሚያሳስበው ደርሶ እንደሆነ ብቻ ነው።

ፊልሙ ከመውጣቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 23 ቀን፣ ሃይፋ አቅራቢያ አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ተገደለ። ወጣቶች ወጥተው የእስራኤልን አውራ ጎዳናዎች ዘጉ። እነዚያ በፊልሙ ውስጥ ቃል ያልተሰጣቸው ተሳፋሪዎች የወለዷቸው ልጆች መንገድ ላይ ቆመው በጮኹ በወሩ፣ ዓለም ደግሞ አባቶቻቸውን ስላዳነው ጀግና በኔትፍሊክስ ያይ ነበር። ሁለቱ ነገሮች የገጠሙት በአጋጣሚ ነው፤ ቢሆንም ፊልሙ የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ተቃራኒውን ማየት የፈለገ ከዚያ ፊልም አንድ ዓመት ቀድሞ የተሠራውን የዓለምወርቅ ዴቪዲያንን «ፊግ ትሪ» ይመልከት። ዳይሬክተሯ በልጅነቷ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄደች ናት። ፊልሙ በአማርኛ ነው፤ ጊዜው 1981 ዓ.ም. ገደማ፣ ደርግ ልጆችን እያፈሰ ወደ ጦር ግንባር የሚልክበት። የ16 ዓመቷ ሚና ከአያቷና ከወንድሟ ጋር ወደ እስራኤል ለመውጣት እየተዘጋጀች ነው፤ የምትወደው ልጅ ግን ክርስቲያን ነውና መሄድ አይችልም፣ አፈሳ ፈርቶም ተደብቋል። እዚህ ፊልም ውስጥ ማንም መጥቶ አያድንም። አያትየዋ አለች፣ የሰፈሩ ዛፍ አለ፣ ፍርሃቱ አለ። አዳኝ በሌለበት ሰዎቹ ሰው ሆኑ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ይበልጥ ያመኛል፤ ዳይሬክተሩ የእኛው ነውና። ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት»ን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ሲያገኝ ብዙዎቻችን ኮርተናል። በጠለፋ የተወሰደች ልጅና የቆመችላት ጠበቃ ታሪክ ነበር፤ ያቺ ጠበቃ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሹመው አይተናል። ከአምስት ዓመት በኋላ ቶሮንቶ ላይ ያቀረበው «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ» ግን ሌላ ነው። ካናዳዊቷ ካሚላ ጊብ በጻፈችው ልቦለድ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሞሮኮ ውስጥ ወላጆቿ ጥለዋት በእስልምና ያደገች ሊሊ የምትባል ነጭ ልጅ ሐረር ትገባለች፣ ትወድዳለች፣ አብዮቱ ሲፈነዳ ሸሽታ እንግሊዝ ትደርሳለች። ሊሊን የተጫወተችው ዳኮታ ፋኒንግ ናት። አጭር ቁራጭ ሲለቀቅ ማኅበራዊ ሚዲያው ተንጫጫ፦ የኢትዮጵያ ስደተኛ ታሪክ ሊነገር ነው ተብሎ ነጭ ሴት ለምን መሐል ትቀመጣለች?

እዚህ ላይ ከሚንጫጩት ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሊሊ በመጽሐፉም ነጭ ናት፤ ጊብ ሐረር ተቀምጣ ያጠናች ሰው ናት፤ የጀጎልን ግንብ የውጭ ሰው ከውስጥ ሆኖ ቢያየው ነውር የለበትም። ችግሩ ያለው አሚና ጋ ነው። አሚና ሐረርን ጥላ የወጣች፣ ከባሏ የተለያየች፣ በባዕድ አገር ልጆች ይዛ የቀረች ስደተኛ ናት፤ ዉንሚ ሞሳኩ ስትጫወታት የዓይኗ ዝምታ ብቻ አንድ ፊልም ይሆናል። ካሜራው ግን ወደ እሷ በቀረበ ቁጥር ነገሩ እውነት መሆን ይጀምርና፣ ተመልሶ የሊሊን የፍቅር ትዝታ ሊያሳየን ይሄዳል። ይህን እያየሁ የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም። «አይ ዘረሰናይ፣ አንተ እንኳ!» የሚል ነበር።

ምክንያቱ ለፊልም ሰዎች ምሥጢር አይደለም። ገንዘብ ነው። ፊልም ሳይሠራ አስቀድሞ ለአከፋፋዮች የሚሸጠው በተዋናይ ስም ነው፤ የሚታወቅ ስም ከሌለ ባለገንዘቡ እጁን አይዘረጋም። «የእናንተ ፊት አይሸጥም» ይባላል፤ በጨዋ ቋንቋም ቢሆን ትርጉሙ ይኸው ነው። ያንን አባባል ግን ራሱ 2019 ዓይናችን እያየ አፈረሰው።

የማቲ ዲዮፕን «አትላንቲክስ» እንውሰድ። ዳካር ዳርቻ ላይ ትልቅ ፎቅ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ለወራት ደመወዝ ተከልክለዋል። አንድ ሌሊት ለማንም ሳይናገሩ በጀልባ ወደ ስፔን ይነሣሉ፤ ባሕር ይበላቸዋል። ፊልሙ ባሕሩ ላይ አብሯቸው አይሄድም። የሚቀረው ቤት ከቀሩት ሴቶች ጋር ነው፣ ለሀብታም ልትዳር ቀን ከተቆረጠላት ከአዳ ጋር። ከዚያ የሟቾቹ መንፈስ ሌሊት ሌሊት በሴቶቹ ላይ እየሰፈረ የአሠሪውን ቤት ያንኳኳል፦ ደመወዛችንን ክፈል። ዛር የሚያውቅ ተመልካች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። መንፈሶቹ ገንዘቡን ከተቀበሉም በኋላ አሠሪውን መቃብር ቦታ ወስደው ጉድጓድ በእጁ ያስቆፍሩታል፤ ሬሳቸው ባሕር ውስጥ ነው፣ መቃብር ግን ይገባቸዋል። እኔ በዚያ ዓመት ካየሁት ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው። በሊቢያና በየመን መንገድ ልጆቹን ያጣ አገር ተመልካች ነኝ፤ ሬሳ ሳይመጣ ድንኳን ተተክሎ የተለቀሰባቸውን ቤቶች አውቃለሁ። ስለ ስደት የተሠሩ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ ጀልባውን ያሳዩናል፤ ዲዮፕ ለቅሶ ቤቱን አሳየችን። ፊልሙ የተነገረው በዎሎፍ ቋንቋ፣ በአብዛኛው ካሜራ ፊት ቆመው በማያውቁ የዳካር ወጣቶች ነው። ካን ላይ ከፓልም ዶር ቀጥሎ ያለውን ትልቁን ሽልማት ወሰደ፤ ኔትፍሊክስም ገዛው።

ቺዌቴል ኤጂዮፎር ያዘጋጀው «ዘ ቦይ ሁ ሃርነስድ ዘ ዊንድ» ከዚህ ይበልጥ ቀጥተኛ ነው፤ ትንሽ ሰበካም አይጠፋው። ማላዊ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ድርቅ ጊዜ ከትምህርት ቤት የተባረረ ልጅ ከቤተ መጻሕፍት ባገኘው መጽሐፍ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ይሠራል። ሁሉም የሚያወራው ስለ ልጁ ብልኅነት ነው፤ እኔ ግን የማልረሳው የአካባቢውን ባላባት ነው። የፓርቲ ስብሰባ ላይ ፕሬዚዳንቱ በተቀመጡበት ባላባቱ ተነሥተው «እህል አልቋል» ይላሉ፤ ከመድረክ ጀርባ ወስደው ይደበድቧቸዋል። ረሃብን መደበቅ እኛም የምናውቀው ነገር ነው። የወሎ ረሃብ ሲሸፋፈን ቆይቶ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በ1973 ፊልም አድርጎ ለእንግሊዝ ሕዝብ አሳየው። ያ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የአገራችን ሕዝብ ፊልም ምን ማድረግ እንደሚችል ከማንም በፊት አይቷል ማለት ነው። ያ ፊልም መሣሪያ ተደርጎ መዋሉ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ረሃቡ ግን እውነት ነበር።

አሁን ወደ «ፓራሳይት»። ይህን ፊልም ያገኘሁት «ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን» ከሚል ሰሌዳ ሥር ከተቀመጠ ልጅ ነው። ኦስካሩ በተሰጠ ሰሞን ፍላሼን አቀብዬ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ተከታታይ ነው? የኮሪያ ድራማ እኮ ሌላም አለ» አለኝ። ፊልም ነው አልኩት። «እሱማ ሁሉም ሰው ጠይቆኛል፤ የድሃ ነው ግን» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ብዙ ሂስ አንብቤያለሁ፤ የሱን ያህል አጥርቶ የያዘው የለም።

ቦንግ ጁን-ሆ የሚነግረን ግማሹ ከመሬት በታች በሆነ ቤት ስለሚኖር ቤተሰብ ነው። ለፒዛ ቤት ካርቶን እያጠፉ ይከፈላቸዋል። መንገዱ ላይ የተባይ መድኃኒት ሲረጭ አባትየው መስኮቱን እንዳይዘጉ ይከለክላል፤ ቤታቸው በነፃ እንዲረጭላቸው ነው። ጭሱ ቤቱን ሞልቶት ሁሉም እየሳሉ ካርቶናቸውን ያጥፋሉ። ቀስ በቀስ አንድ በአንድ እየዋሹ አንድ ሀብታም ቤት ይቀጠራሉ፤ ልጅየው አስጠኚ፣ አባት ሾፌር፣ እናት የቤት ሠራተኛ። ውሸታቸውን ሊያጋልጥ የሚችለው ግን ሽታቸው ነው። የሀብታሞቹ ትንሽ ልጅ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሸታሉ ይላል። ከዚያ አንድ ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ይዘንባል፤ የድሆቹ ቤት በጎርፍ ይሞላል፣ አባትና ልጆች በስፖርት አዳራሽ መሬት ላይ ያድራሉ። በማግስቱ እመቤቲቱ ያው ሾፌር በሚነዳው መኪና ተቀምጣ በስልክ ዝናቡ ሰማዩን እንዴት እንዳጠራው ስታወራ ትሰማለች፤ እያወራች አፍንጫዋን ያዝ አድርጋ መስኮት ትከፍታለች። እኛስ ክረምት ሲገባ «ከአቧራው ተገላገልን» የምንል፣ ወንዝ ዳር የላስቲክ ቤት ያለው ሰው ሌሊቱን ቆሞ ያደረ መሆኑን ረስተን አይደለም?

ፊልሙን ካየሁ በኋላ ለብዙ ጊዜ ያሳሰበኝ ሰርቪስ ቤቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቪላ ሲሠራ ከኋላ ሰርቪስ ይሠራል። ሠራተኛዋ እዚያ ናት፣ ዘበኛው በሩ ላይ ነው፤ የቤቱ ሰው የሚበላውን፣ የሚጣላበትን፣ የሚደብቀውን ያውቃሉ። አንድ ግቢ ውስጥ እንዲህ ተጠጋግቶ መኖር ስንት ፊልም ይወጣዋል! በአማርኛ ፊልሞቻችን ውስጥ ግን ሠራተኛዋ ማን ናት? አብዛኛውን ጊዜ አነጋገሯ የሚያስቅ፣ ሊፍት የምትፈራ፣ የእመቤቷን ሽቶ ሰርቃ የምትቀባ ልጅ። ዘበኛው ደግሞ በካቦርትና በዱላ የሚያስቅ። አዳራሹ ይስቃል፤ ታሪኩም ወደ ሳሎኑ፣ ወደ ባለመኪናው ፍቅር ይመለሳል። ክሪስ ኢቫንስን መሐል አስቀምጦ ቤተ እስራኤላውያኑን በጭነት መኪና የጫነው ጊዲዮን ራፍና እኛ በዚህ ጉዳይ ምን ያህል እንለያያለን? እሱ ቢያንስ አልሳቀባቸውም።

ይህን የምለው «ሬድ ሲ» በወጣ ሰሞን በየገጹ ፖስተሩ ሲዘዋወር ያየሁትን ስለማልረሳ ነው። ግማሹ «ኢትዮጵያ በሆሊዉድ!» እያለ ደስ ብሎታል፣ ግማሹ «ነጭ አዳኝ» እያለ ተቆጥቷል። ሁለቱም ወገን የጠየቀው የአገር ስም እንዴት እንደተነሣ ነው። መኪናው ላይ የተጫነችው ሴትዮ ማን ናት ያለ አላጋጠመኝም። ከአገር ስም አልፎ ሰውን መጠየቅ ያልለመደ ተመልካች፣ ሰርቪስ ቤት ያለችውን ልጅ በፊልም እንዲያሳዩት ይጠይቃል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል፤ ተመልካች ያልጠየቀውን ደግሞ ፕሮዲዩሰር ገንዘብ አያወጣበትም።

«ፓራሳይት» ካን ላይ ፓልም ዶር፣ ሆሊዉድ ላይ አራት ኦስካር ወሰደ፤ በእንግሊዝኛ ያልተሠራ ፊልም የዓመቱ ምርጥ ሲባል የመጀመሪያው ነው። የአገራችን ሰው ኮሪያ ሲነሣ «ቃኘው ሻለቃ ባይሄድ ኖሮ...» ማለት ይወዳል። ከዚያ ይልቅ ብንማርበት የምመርጠው ሌላ ነገር አለ። ኮሪያውያን ሲኒማ ቤቶቻቸው በዓመት የተወሰነ ቀን የአገር ውስጥ ፊልም እንዲያሳዩ የሚያስገድድ ሕግ አላቸው፤ ድሮ 146 ቀን ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ 73 ሲቀነስ ተዋንያንና ዳይሬክተሮች አደባባይ ወጥተው ተቃውመዋል። ፊልምን የሚደግፍ የመንግሥት ምክር ቤትም አላቸው። መንግሥታቸው መልአክ ስለሆነም አይደለም፤ ቦንግ ራሱ በፕሬዚዳንት ፓርክ ጊዜ በጥቁር መዝገብ ከገቡት አርቲስቶች አንዱ ነበር። ሕጉ፣ ገንዘቡና ሠልጣኙ ለአሥርት ዓመታት ሳይቋረጥ በመቆየቱ ነው ያ የዝናብ ሌሊት ሊቀረጽ የቻለው። የእኛ ሲኒማ ቤት ባለቤት ግን በሕግም በገንዘብም የሚደግፈው ስለሌለ፣ ቅዳሜ አዳራሽ የሚሞላለትን ፊልም ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ለኦስካር ኢትዮጵያን ወክሎ የቀረበው «ራኒንግ አጌንስት ዘ ዊንድ» ከወደድኳቸውና ቅር ካሰኙኝ መሐል ነው። ጀርመናዊው ያን ፊሊፕ ቫይል በአማርኛ፣ ከኢትዮጵያውያን ተዋንያን ጋር ሠራው፤ አንዱ ጓደኛ ሯጭ ለመሆን ይሮጣል፣ ሌላው ካሜራ ይወዳል፣ የአዲስ አበባ ጎዳና ይውጠዋል። ሻለቃ ኃይሌም ብቅ ይላል። የጎዳናው ልጅ ክፍል ጥሩ ነው፤ ለሱ ብቻ ደግሜ አየዋለሁ። የሯጩን ግን አስቀድሜ አውቀው ነበር። ስለ እኛ ፊልም ሲሠራ አንድ ሰው መሮጥ አለበት መሰለኝ።

ሌላውን በአጭሩ። የዚያ ዓመቱ «ላየን ኪንግ» ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ አንበሶቹ እውነተኛ አንበሳ ይመስላሉ፣ ለዚህም ነው ፊታቸው ላይ ሐዘንም ደስታም የማይነበበው። «ጆከር»ን ወጣቶቹ ሲያነሱት እሰማለሁ፤ ሆዋኪን ፊኒክስ ድንቅ ነው፣ ፊልሙ ግን ያዘነለትን ሰው ሳቅ ከመቅዳት አልፎ አካባቢው ያሉትን ድሆች አያውቃቸውም። «ሌ ሚዜራብል» የላጅ ሊ ሥራ ነው፣ የፓሪስ ዳርቻ ልጆችና ፖሊስ፤ ፈጣንና ጥሩ። «ዘ አይሪሽማን» 209 ደቂቃ ነው። ዴ ኒሮን በኮምፒውተር ወጣት አድርገውታል፤ ባለሱቁን ሲረግጥ ግን እግሩ የሽማግሌ ነው፣ ፊቱ 40 እግሩ 75።

ደረጃ ስጥ ካላችሁኝ «አትላንቲክስ»ን አንደኛ፣ «ፓራሳይት»ን ሁለተኛ አደርጋለሁ፤ የማላዊውም ሩቅ አይደለም። አብሮኝ የሚያይ ጓደኛዬ ግን እስካሁን «አይሪሽማንን የሚያህል የለም» ብሎ ይሟገተኛል። ሦስት ሰዓት ተኩል ቁጭ ብሎ ከጨረሰ በኋላ ሌላ ምን ይበል።